በተወሰነ ገንዘብ ጥሩ የስፌት መኪና እንዴት ይመረጣል? ወደ ሀገር ይዘው መግባት ለሚያስቡ

የኮንትራት ማብቂያ ሲቃረብ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ስፌት መኪና ገዝቼ ልግባ ወይስ ብሩን ይዤ? ብገዛስ የቱን?» ከዚህ በሻንጣ ከምንወስዳቸው ዕቃዎች ውስጥ እንጀራ ሊሆን የሚችለው ጥቂት ነው፤ ቴሌቪዥን ደንበኛ አያመጣም፣ ብርድ ልብስም እንደዚያው። በሌላ በኩል በላስቲክ እንደተጠቀለለ አልጋ ስር የቀረ መኪና ያለበት ቤት ብዙ ነው። አንዱ በመጀመሪያው ቀን ሶኬት ላይ ሲሰካ ተቃጥሎ፣ ሌላው አንዲት ትንሽ ዕቃ ተሰብራ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ሌላው ደግሞ ለታሰበው ሥራ ስላልሆነ። ሦስቱም ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ሊታወቁ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

በእጃችሁ ያለው 500 ሪያልም ይሁን 1,500 ድርሃም፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ለሞተሩ፣ ለውስጥ ብረቱና መለዋወጫው በቀላሉ ለመገኘቱ ነው። የሚያምረው ስክሪንና «200 ዓይነት ስፌት ይሰፋል» የሚለው ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ ይታያል፤ ባይታይም ምንም አይጎዳም።

መጀመሪያ ምን ልትሰፉ ነው?

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ይህን ለራሳችሁ መልሱ። የሰፈር ልብስ ማጥበብና ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የልጆች ዩኒፎርም፣ መጋረጃና አንሶላ ከሆነ አንድ ጠንካራ የቤት መኪና ይበቃል። ሱቅ ተከራይታችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ልትሰፉ ካሰባችሁ ግን የቤት መኪና አይችለውም። ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ይግላል፤ በዓመት ውስጥ ሊደክም ይችላል። የሐበሻ ቀሚስ ለመስፋት የምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። የሽመና ጨርቅ ልል ነው፤ እግሩ በጣም የሚጫን መኪና ጨርቁን ይስበዋል፣ ስፌቱ ይጨማደዳል። ስለዚህ የእግሩን ጫና ማላላትና ማጥበቅ የሚቻልበት መኪና ፈልጉ።

ሙያውን ገና ያልተማራችሁ ከሆነ ውዱን አትግዙ። አዲስ ተማሪ መርፌ ይሰብራል፣ ክር ያጠላልፋል፤ ይህ በርካሽ መኪና ቢሆን ይሻላል። ሦስት ወር ተምራችሁ እጃችሁ ሲፈታ የሚያስፈልጋችሁን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ገበያው ላይ ያሉት ዓይነቶች

በጣም ትንንሾቹ፣ በባትሪም በኤሌክትሪክም የሚሠሩት፣ እንደ መጫወቻ የሚመስሉት አሉ። በየሱፐርማርኬቱና በየኦንላይኑ ስለሚታዩ ብዙ ሰው ይታለልባቸዋል። ለቁልፍና ለቀላል ጥገና ካልሆነ አይሆኑም፤ ጂንስ አጥፋችሁ ብትሰጧቸው ይቆማሉ። ስንት ብር ቢቀንስም አትግዙ።

ቀጥሎ የቤት መኪና ነው፤ ሲንጀር፣ ብራዘር፣ ጃኖሜ የሚባሉት። በዚህ ውስጥም ሁለት ቤተሰብ አለ። አንዱ ስፌት በእጅ እየዞረ የሚመረጥበት ሜካኒካል መኪና፣ ሌላው በቁልፍና በስክሪን የሚታዘዘው ኮምፒውተራይዝድ። ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው፣ በተለይ ወደ ክፍለ ሀገር ለሚገባ፣ ሜካኒካሉ ይመረጣል። የኮምፒውተሩ ቦርድ በመብራት መዋዠቅ ሊመታ ይችላል፤ ከተመታ የሚጠግነውን ማግኘት ከባድ ነው። ሜካኒካሉን ግን ጎበዝ መካኒክ በካቻቢቴና በዘይት ያስነሳዋል።

ከሜካኒካሎቹ መካከል ሲንጀር ሄቪ ዲዩቲ 4423 በብዛት ይገኛል። ውስጡ የብረት አጽም አለው፣ 23 ዓይነት ስፌት ይሰፋል፣ በደቂቃ እስከ 1,100 ስፌት ይሄዳል። ስሙ «ሄቪ ዲዩቲ» ስለሆነ የፋብሪካ መኪና የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፣ ጠንከር ያለ የቤት መኪና ነው። ጃኖሜ ኤችዲ 3000 ደግሞ ከበድ ያለ ነው። የታችኛው ክር፣ ቦቢን የምንለው፣ ከፊት ለፊት በብረት ቤት ውስጥ ይገባል። 4423 ላይ ቦቢኑ ከላይ ይገባል፤ ክር ማለቁ ስለሚታይ ለጀማሪ ይቀላል። የፊቱ ግን ለረጅም ጊዜ የተሞከረ አሠራር ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ለሥራ ምረጥ ብባል እኔ የፊቱን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ጥቁሩ የብረት መኪና ነው፤ እናቶቻችን «ሲንጀር» ብለው በጅምላ የሚጠሩት። ዛሬ በብዛት የሚመጣው በቻይና የሚሠራው፣ የድሮውን ሲንጀር 15 አሠራር የተከተለው ነው። ቀጥታ ብቻ ይሰፋል። በእግር መርገጫ፣ በእጅ ወይም ትንሽ ሞተር ተገጥሞለት ይሠራል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ይህን የሚያክል የለም። ሆኖም መርገጫው ከነጠረጴዛው ከባድ ስለሆነ ከዚህ ከማጓጓዝ እዚያው ሀገር ቤት መግዛት ይሻላል።

የመጨረሻው የፋብሪካው ነው፤ ጁኪ፣ ጃክ፣ ብራዘርም የሚያመርተው። ጁኪ ዲዲኤል 8700 ለምሳሌ በደቂቃ እስከ 5,500 ስፌት ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አይደክምም። ነገር ግን ቀጥታ ስፌት ብቻ ነው፤ ዚግዛግ የለውም፣ የቁልፍ ቀዳዳ አይሠራም። ኦቨርሎክ ራሱን የቻለ ሌላ መኪና ነው። ሀገር ቤት ያሉ ትንንሽ ልብስ ሰፊዎች ኦቨርሎክ ካላቸው ጎረቤቶች ዘንድ በቁራጭ እየከፈሉ ያስመታሉ፤ እናንተም መጀመሪያ ላይ እንዲህ ማድረግ ትችላላችሁ። የፋብሪካ መኪና ለሚያስፈልገው ሰው ምክራችን አጭር ነው፤ ከዚህ አትጫኑ፣ ገንዘቡን በባንክ ላኩና መርካቶ ግዙ። ከነጠረጴዛው፣ ከነሞተሩ ገጥሞ የሚያስረክብ ሻጭ፣ ሲበላሽም የሚመጣ መካኒክ የሚገኘው እዚያ ነው።

ኤሌክትሪኩን ሳታዩ አትክፈሉ

ብዙ ገንዘብ የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ኤምሬትስ፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ባህሬን፣ ኦማን፣ ሊባኖስና ዮርዳኖስ ለዚህ የቀረቡ ስለሆኑ እዚያ ለቤት ተብሎ የተሸጠ መኪና ሀገር ቤት ይሠራል፤ ሶኬቱ ብቻ ሊለያይ ይችላል። ሦስት ጠፍጣፋ እግር ላለው አስማሚ ግዙ ወይም ኤሌክትሪሺያን ገመዱን ይቀይርላችሁ።

ሳዑዲ ግን ተጠንቀቁ። በድሮ ቤቶች ውስጥ 127 ቮልትና 220 ቮልት ጎን ለጎን አሉ፤ ለ110 ወይም ለ127 ቮልት የተሠራ ዕቃም ገበያ ላይ ይገኛል፣ በተለይ ያገለገለ። እንዲህ ያለውን መኪና ሀገር ቤት ወስዳችሁ በቀጥታ ብትሰኩት ሞተሩ በደቂቃ ውስጥ ይጨሳል። ከመኪናው ጀርባ ወይም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «220–240 ቮ» የሚል ካለ ይሁን። «110–127 ቮ» የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ካልተገዛለት አይሠራም፤ ያ ደግሞ ሌላ ወጪና ሌላ ኪሎ ነው። ጽሑፉ ከተፋቀ ወይም ከሌለ መኪናውን ተዉት። «አይዞሽ ይሠራል» የሚል ሻጭ አዲስ አበባ ድረስ አብሯችሁ አይመጣም።

የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ መሆኑ ለቤት መኪና ችግር የለውም፣ ሞተሩ በዚህ አይጎዳም። ያገለገለ የፋብሪካ መኪና ከድሮው ትልቅ ሞተሩ ጋር ከሆነ ግን ሀገር ቤት ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይሞከራል

ከቤት ስትወጡ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ የጂንስ ቁራጭ፣ አንድ ስስ ጨርቅ እንደ ሻሽ ያለ፣ አንድ የሚለጠጥ የቲሸርት ቁራጭ። ሻጩ የሚሰጣችሁ ጨርቅ ሁልጊዜ መኪናው የሚወደው ነው፤ እናንተ የማይወደውን ስጡት። መኪናውን ሳይሞክሩ የሚሸጡ ትልልቅ ሱቆች አሉ፤ ከእነሱ ስትገዙ ደማን እንዳለውና በስንት ቀን ውስጥ መመለስ እንደሚቻል ፋቱራው ላይ ይጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ሳይሰካ በእጅ መዘውሩን ወደ ራሳችሁ አዙሩት። እኩል እየለሰለሰ መዞር አለበት። አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ወይም «ቀጭ» የሚል ከሆነ ጥርሱ ተሰንጥቋል ወይም ውስጡ ቆሽሿል። መርፌው የሚታሰርበትን ዘንግ በጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ በግልጽ ከተወዛወዘ አርጅቷል።

ከዚያ ስሰኩና ቀስ ብላችሁ ፔዳሉን ርገጡ። ጥሩ መኪና ቀስ ብሎ መነሳት ይችላል፤ ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት የሚፈተለክ ከሆነ ፔዳሉ ችግር አለበት። አሁን ጂንሱን ሁለት፣ አራት፣ ከዚያ ስድስት ድርብ አጥፋችሁ ስጡት። ዋናው ፈተና ወፍራሙ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው፤ ሱሪ ስታሳጥሩ የጎኑ ስፌት የሚያልፍበት ቦታ ማለት ነው። እያጉረመረመ ቢያልፍ ደህና ነው። ቆሞ በእጅ ግፉኝ ካለ ወይም ክር ከዘለለ ለሥራ አይሆናችሁም። ቀጥሎ ስሱን ጨርቅ፤ ወደ ውስጥ ጎትቶ ከበላው እግሩን ወይም መርፌውን ቀይረው ያሳዩአችሁ።

የተሰፋውን ገልብጣችሁ እዩ። ከላይና ከታች ስፌቱ አንድ መምሰል አለበት። ከሥር ክሩ እንደ ጎጆ ከተጠላለፈ ብዙ ጊዜ ችግሩ የላይኛው ክር በትክክል አለመግባቱ ነው፤ እግሩን አንሥታችሁ ክሩን እንደገና አስገቡና ሞክሩ። ሁለተኛም ሦስተኛም ከተጠላለፈ ተዉት። አስር ደቂቃ ያህል ከሰፋችሁ በኋላ ሞተሩ ያለበትን ጎን ዳሱ፣ አሽትቱ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ የተቃጠለ ላስቲክ መሽተት ግን የለበትም።

ስፌት ወደ ኋላ መመለሱን፣ ዚግዛጉን፣ የቁልፍ ቀዳዳውንም አሠሯቸው። የቁልፍ ቀዳዳ ሀገር ቤት ለብቻው የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ መኪናችሁ ንጹህ አድርጎ ከሠራው ገቢ ነው።

ያገለገለ መግዛት

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ በእኔ አስተያየት ከአዲስ ርካሽ ያገለገለ ጥሩ ይሻላል። ሪያድ ሐራጅ ኢብን ቃሲም፣ ኩዌት የጁምዓ ገበያ፣ ቤይሩት ሱቅ አልአሐድ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥባቸው ናቸው፤ በስልክ ደግሞ ሐራጅ፣ ዱቢዝልና ኦፕን ሱቅ አሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሰፈራችሁን ኸያጥ መጠየቅ ነው። እዚህ ያሉት ልብስ ሰፊዎች አብዛኞቹ ህንዶች፣ ፓኪስታኖችና ባንግላዴሾች ናቸው፤ ሱቅ ሲዘጋ ወይም መኪና ሲቀይሩ አሮጌውን ይሸጣሉ። መካኒካቸውንም ያውቃሉ። ትንሽ ከፍላችሁ መካኒኩ እንዲያይላችሁ ብታደርጉ ያ ገንዘብ አይባክንም።

ያገለገለ ስታዩ የመርፌውን ሳህን ፈትተው ያሳዩአችሁ። ከሥሩ አቧራ ቢኖር ምንም አይደለም፣ ይጠረጋል። ክሩን የሚይዘው መንጠቆ ላይ ዝገት ወይም የመርፌ ጭረት ካለ ግን ክር ይበጣጥሳል። ጨርቁን የሚገፋውን ጥርስ በጣት ዳሱ፤ ሹል መሆን አለበት፣ ከለሰለሰ አልቋል። ቺንጋው ከተሰነጣጠቀ ዋጋ አስቀንሱበት እንጂ አትፍሩት፣ በቀላሉ ይቀየራል። የላስቲክ ጥርስ ያላቸው መኪናዎች ሲያረጁ ጥርሱ ይሰነጠቃል፤ የብረት ጥርስ ያላቸው የድሮዎቹ ጃኖሜና ሲንጀሮች ግን ዘይት ካገኙ ገና ዕድሜ አላቸው። አሮጌ ስለሆነ ብቻ አትናቁ።

የምትገዙት ሞዴል ምን ዓይነት መርፌና ቦቢን እንደሚወስድ ጻፉ። የቤት መኪና መርፌ ጭንቅላቱ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ፓኬቱ ላይ 130/705 ኤች ይላል፤ የፋብሪካው ድቡልቡል ነው፣ ዲቢ 1 ይባላል። አንዱ ለሌላው አይሆንም። የመርፌውና የቦቢኑን ፎቶ ሀገር ቤት ላለ ሰው ልካችሁ መርካቶ ወይም ከተማችሁ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ አስጠይቁ። «የለም» ከተባለ ሌላ ሞዴል ፈልጉ፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር።

ገንዘቡን ሁሉ ለመኪናው አትስጡ

1,000 ሪያል ካላችሁ የ1,000 ሪያል መኪና አትግዙ። ከ650 እስከ 700 የሚሆነውን ለመኪናው መድቡ፤ የቀረው ለሚከተሉት ነው። አስር ያህል ትርፍ ቦቢን፣ መርፌ በብዛት፣ ማለትም ለስስ ጨርቅ 70 እና 80፣ ለተለመደው 90፣ ለጂንስ 100፣ ለቲሸርት ደግሞ ጫፉ ድቡል ያለው። አንድ ትርፍ ቺንጋ፣ ካለው። የዚፕ እግር። ጥሩ የጨርቅ መቀስ፣ ወረቀት የማይቆረጥበት። ጠንካራ ፖሊስተር ክር፤ ርካሽ ክር መኪናውን የተበላሸ ያስመስለዋል። ደንዝዞ የቆየ መርፌም እንዲሁ፤ በስምንት ሰዓት ስፌት አንዴ ቀይሩት። ከዚህ የተረፈው ለሻንጣ ኪሎና ሀገር ቤት ለሚገዛ ስታቢላይዘር ይሆናል።

መቼ ይገዛ ለሚለው፣ ከመግባታችሁ ሁለት ሦስት ወር በፊት። ያኔ ችግር ካለው ደማኑ ሳያልቅ እዚሁ ይወጣል። በሳምንቱ መጨረሻ ተሯሩጦ የተገዛ መኪና ካርቶኑ የሚከፈተው ሀገር ቤት ነው። አሰሪ ቤት የምትኖሩ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የምታስቀምጡበትን ቦታ ማዳምን ጠይቁ። እየተለማመዳችሁ ለጓደኛ ብትሰፉ ችግር የለውም፤ በገንዘብ ለሰው መስፋት ግን ከአሰሪ ውጭ እንደ መሥራት ሊቆጠርና ኢቃማችሁን ሊያበላሽ ይችላል።

ወረቀቱ

ይህ ክፍል ከሁሉ በላይ ትኩረት ይፈልጋል። ፋቱራው ላይ ስማችሁ፣ ቀኑና ሞዴሉ ይጻፍ። ፎቶ አንሥታችሁ ሀገር ቤት ላለ ሰው ላኩት፣ ስልክ ይጠፋል።

ማዳም «አሮጌውን መኪና ውሰጂው» ብላ ከሰጠቻችሁ አመስግናችሁ ወረቀት ጠይቁ። አንድ መስመር ይበቃል፤ መኪናውን ለእገሌ በስጦታ ሰጥቻለሁ፣ ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። መጻፍ ካልፈለገች በዋትሳፕ «መኪናውን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ከፎቶው ጋር ላኩላትና መልሷን አስቀምጡ። ፍቅር ያለበት ቤትም በመጨረሻው ቀን ሊለወጥ ይችላል፤ የደሞዝ ጥያቄ ሲነሳ የስርቆት ክስ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ ያኔ «ሰጥታኝ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አያድንም።

ከገበያ ያገለገለ ስትገዙም የተሰረቀ ዕቃ ሊሆን ይችላል። የሻጩን ስም፣ ስልክና የከፈላችሁትን የሚገልጽ አጭር ወረቀት ያዙ። ለመጻፍ ፈቃደኛ ካልሆነና ዋጋው ከመጠን በላይ ከረከሰ ተዉት።

ማሸግና መጫን

ቲኬታችሁ ላይ የተፈቀደውን ኪሎ አስቀድማችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፣ ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ ደግሞ ተጨማሪ ቢከፈልበትም በሻንጣነት አይቀበሉትም። የቤት መኪና ከነካርቶኑ አስር ኪሎ አካባቢ ስለሚሆን ይገባል። የራሱን ካርቶንና ውስጡ ያለውን ነጭ ፎም አትጣሉ። ከአንድ በላይ ተመሳሳይ መኪና ከያዛችሁ ለንግድ ነው ተብሎ ሊቀረጥ ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት ጉምሩክ ኮሚሽንን ጠይቁ፤ ፋቱራውንም በእጅ ያዙ።

ስታሽጉ መርፌውን አውጡ። ጨርቅ አጥፋችሁ ከእግሩ ሥር አድርጉና እግሩን አውርዱ። መዘውሩ እንዳይዞር በፕላስተር እሰሩት። ፔዳሉና ገመዱ ከመኪናው ጋር እንዳይጋጩ ለብቻ በፎጣ ጠቅልሉ። መቀሱና መርፌዎቹ በእጅ ሻንጣ ከተገኙ ይወሰዳሉ፣ ወደሚጫነው ይግቡ። ዘይት አትጫኑ፣ ሀገር ቤት ይገዛል። ደርሳችሁ ካርቶኑን ስትከፍቱ ወዲያው አትሰኩት፤ መጀመሪያ መዘውሩን በእጅ አዙራችሁ ልክ ሱቅ ውስጥ እንደነበረው መለስለሱን አረጋግጡ፣ ከዚያ መርፌውን መልሳችሁ አሥራችሁ በቁራጭ ጨርቅ ጀምሩ።